ዘጠኝ ወር ሙሉ የሚታወቅ ፈቃድ

በመሥሪያ ቤት ሕይወት የወሊድ ፈቃድን ያህል አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ጥቂት ነው። ሰው ታሞ ሲቀር የምንሰማው በዕለቱ ነው። ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይሄዳል። እርጉዝ ሠራተኛ ግን በአራተኛ በአምስተኛ ወሯ መቼ ገደማ እንደምትወጣና መቼ እንደምትመለስ መናገር ትችላለች። ይህ ሁሉ ጊዜ እያለ ቀኑ ሲደርስ አለቃው ዱብ ዕዳ እንደወረደበት ይሆናል። «አሁን ደግሞ ማንን በቦታሽ ላስቀምጥ ነው?» ይላታል። ጥያቄው ከወራት በፊት መነሣት ነበረበት። መልሱንም መፈለግ ያለበት እሱ እንጂ እሷ አይደለችም።

ለወሊድ ፈቃድ መዘጋጀት የእርጉዟ ሴት የግል ጣጣ አይደለም። እንደ ዓመታዊ በጀትና እንደ ሒሳብ መዝጊያ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ መደበኛ ሥራ ነው። ይህ እስካልገባን ድረስ የቱንም ያህል ጥሩ ሕግ ብናወጣ ሸክሙ ተመልሶ በእናቲቱ ትከሻ ላይ ያርፋል።

ሕጉማ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ በቀድሞው አዋጅ 90 ቀን የነበረውን ፈቃድ 120 ቀን አድርሶታል፤ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ፣ ሁሉም ደመወዝ የሚከፈልበት። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራ ላይ አትመደብም፤ ትርፍ ሰዓትም አትሠራም። ለክትትል ሐኪም ቤት የሄደችበት ጊዜ፣ ማስረጃ እስካመጣች ድረስ፣ ከደመወዟ አይቆረጥም። ሥራው ለእሷ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር አለባት። በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስም፣ ከእርግዝናዋ ጋር በማይገናኝና ሕጉ በፈቀደው ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ ከሥራ ማሰናበት ክልክል ነው።

በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ነው። ሴቶች ሆዳቸው ገፍቶ በግልጽ እስኪታይ ድረስ እርግዝናቸውን በሰፊ ሹራብ ይሸፍናሉ። ለምን ቢባል፣ ከተናገሩበት ቀን ጀምሮ ለሥልጠና አይታጩም፤ የዕድገት ማስታወቂያ ሲወጣም «እሷማ ልትወልድ ነው» ተብለው ይታለፋሉ። ለተወሰነ ጊዜ በሚታደስ ውል የምትሠራዋ ደግሞ ማንም «ተባረሻል» ሳይላት ውሏ ሳይታደስ ይቀራል። በአዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው፣ ከነድካሙ፣ የማያውቃትን ነፍሰ ጡር «እለፊ እናቴ» ብሎ ያስቀድማታል። ያው ሰው ቢሮ ሲገባና አለቃ ሲሆን ይህን ደግነት በር ላይ ጥሎት የሚገባው ለምን እንደሆነ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

በአንድ ወቅት ሒሳብ ክፍል አብራኝ የምትሠራ ባልደረባ ነበረችኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠዋት ጠዋት ስለሚያቅለሸልሻት መሳቢያዋ ውስጥ ከደረሰኝ ጥራዞቹ ጎን ሎሚና ቆሎ አይጠፋም ነበር። ምጥ እስኪይዛት ሠራች ማለት ይቻላል። ከወለደች በኋላ 90 ቀኗን ጨርሳ ስትመለስ ጡቷ ገና በየሦስት ሰዓቱ ያጋት ነበር። አሮጌ ዶሴ የሚቀመጥበት ክፍል ትገባና በሩን ከውስጥ በወንበር ደግፋ፣ በካርቶኖች መካከል ቆማ፣ ወተቷን በእጇ ታልበዋለች። ማቀዝቀዣ ስላልነበረ ልጇ ቤት ውስጥ እያለቀሰ ያንን ወተት መታጠቢያ ላይ ትደፋው ነበር። ቀሚሷ ላይ የፈሰሰውን በነጠላዋ ሸፍና ተመልሳ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ከባለጉዳዮቹ አንድም ያወቀ የለም። የምትፈልገው አንድ የሚቆለፍ ክፍል፣ አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣና በቀን ሁለት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ስለ ማጥቢያ ሰዓት አይናገርም፤ መሥሪያ ቤቱም ስላልተገደደ አላሰበበትም።

የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ወተት ብቻ ይጥባ ይላሉ። ፈቃዱ ግን በ3 ወር ያልቃል። የቀሩት 3 ወራት የማን ኃላፊነት ናቸው? በኦርቶዶክስ ቤት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። እናቷ ድግሱን ጨርሳ በ10 ቀን ውስጥ ቢሮ መገኘት አለባት። ብዙዎች ከመውለዳቸው በፊት ያለውን 30 ቀን ለሕፃኑ ለማትረፍ ሲሉ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት የሚሠሩት ስለዚህ ነው። በአዋጁ መሠረት ግን ያንን ፈቃድ ሳትጨርስ የወለደች ሴት የድኅረ ወሊዱ 90 ቀን ወዲያው ይጀምርባታል። እናት እግሯ አብጦ፣ ወገቧ ተቆርጦ፣ ደረጃ እየወጣች የምታተርፈው ቀን ላይኖር ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ አሠሪሽ እስኪያስብልሽ ድረስ አንቺ አስቀድመሽ አስቢ። እርግዝናሽን ከሐኪም ማስረጃ ጋር በጽሑፍ አሳውቂ፤ ቅጂውን ቤትሽ አስቀምጪ። የቃል ስምምነት አለቃ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ርክክቡን ሰውነትሽ ሳይከብድ፣ በስድስተኛ በሰባተኛ ወርሽ ጀምሪው፤ የትኛው ሥራ ወደ ማን እንደሚሄድ አለቃሽ ይፈርምበት። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ፣ ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ስለሚሰጥ፣ ከወሊድ ፈቃድሽ ጋር ለማያያዝ ከወዲሁ ጠይቂ። የምትመለሽበት የሥራ መደብም በደብዳቤው ላይ ይስፈር። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ የኅብረት ስምምነቱን አንብቢ፤ ከሕጉ የተሻለ ቀን ሊኖረው ይችላል፤ ከሌለውም በሚቀጥለው ድርድር ይነሣ።

አባትየውስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለወንድ ሠራተኛ የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 10 የሥራ ቀናት መስጠቱ፣ ለግሉ ዘርፍም ከ3 ቀን በላይ ማሰብ እንደሚቻል ያሳያል። ገና ከቁስሏ ያላገገመች አራስ ሌሊቱን ብቻዋን ስታነጋ፣ ባልየው በአራተኛው ቀን ቢሮ ተቀምጧል። ይህ እሱንም ይበድለዋል። ልጁን ማቀፍ፣ ማጠብና ማስተኛት ከመጀመሪያው ካልጀመረ፣ በኋላ ባዕድ ይሆንበታል።

አንዲት ሌላ ሴትም አለች። እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑን የምትይዘው ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛ ናት። እሷ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከሚሸፍናቸው ሠራተኞች ውጭ ነች። የእኛ 120 ቀን የቆመው በእሷ እጅ ላይ ሆኖ ሳለ፣ እሷ ያረገዘች ዕለት ጓዟን ሸክፋ ትወጣለች። ለራሳችን የጠየቅነውን ፈቃድ በቤታችን ለምትሠራዋ ከነፈግን ጥያቄያችን ጎዶሎ ነው። ልጅ በዕድሉ ያድጋል እያልን የምናልፈው የእሷን ልጅ ጭምር ነው።

የአሠሪዎችን ጭንቀትም አልንቅም። በአገራችን የ120ውን ቀን ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ብቻውን ነው። አምስት ሠራተኛ ላላት አንዲት ትንሽ ድርጅት ይህ ከባድ ነው። ወጣት ሴት ለመቅጠር የሚያቅማማ ቀጣሪ የሚበዛበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሩዋንዳ ለዚህ መላ አበጀች። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣችው ሕግ አሠሪና ሠራተኛ ከደመወዝ 0.3 በመቶ፣ 0.3 በመቶ እያዋጡ ለወሊድ ፈቃድ መድን ፈጠሩ፤ የፈቃዱን ከፊል ክፍያ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋሙ ይሸፍናል። ወንዱም ሴቱም፣ የወለደም ያልወለደም ያዋጣል። እኛም ዘንድ ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ በየወሩ ይሰበሰባል። መሰብሰቢያው መንገድ ተዘርግቷል ማለት ነው። ነገ ጡረታችንን የሚያዋጡልን ዛሬ የሚወለዱት ልጆች ናቸውና፣ ለመወለዳቸው ሁላችንም ትንሽ ብናዋጣ ፍትሕ ነው።

ያ እስኪሆን ድረስ ግን አዲስ ሕግ የማይጠይቅ ብዙ ሥራ አለ። የጥር ወር የጤናማ እናትነት ወር እየተባለ ይታሰባል፤ ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል። እርስዎ አለቃ ከሆኑ ጥርን አይጠብቁ። በዚህ ዓመት በሥርዎ ካሉት ሠራተኞች የምትወልደው ማን እንደሆነች፣ ማን እንደሚተካት፣ ስትመለስ ወተቷን የት እንደምታልብና የትኛው ወንበር እንደሚጠብቃት የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤትዎ አለ ወይ? ከሌለ የሚመለከተውን ክፍል ጠርተው ዛሬውኑ ያስጀምሩት። ጊዜ አጠረ የሚል ምክንያት አይሠራም፤ ልጁ ራሱ ወራት አስቀድሞ ቀጠሮ ሰጥቶናል።