የቤት ጥገና ወጪና ቅደም ተከተሉ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ማድረጉ ይታወቃል። ቀደም ሲል በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። ለውጡ የቤት ጥገና ወጪንም ነክቷል።

የደቡብ ጎንደር ዞን ደራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው አንበሳሜ፣ እንደ ሌሎች የክልሉ ትናንሽ ከተሞች ሁሉ፣ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት የተለመደ ነው። ጭቃው፣ ጭዱና የባሕር ዛፍ እንጨቱ ከአካባቢው ይገኛሉ። የቆርቆሮውና የሚስማሩ ዋጋ ግን ከምንዛሪው ጋር የተሳሰረ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድም ሸክላው የአገር ውስጥ ሲሆን፣ የሚያግለው ሽቦ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል።

በመሆኑም በደመወዝ የሚተዳደር የቤት ባለቤት ወጪውን በቅደም ተከተል ሊመራ ይገባል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚያፈስ ጣሪያ ነው፤ በአንድ ቆርቆሮ ሊቆም የሚችል ፍሳሽ አንድ ክረምት ከታለፈ ማገሩን አበስብሶ ግድግዳውን ይንዳል። ምጣድ ሲበላሽም ሸክላው ካልተሰነጠቀ ሽቦውን ብቻ ማስቀየር ይበቃል። ክፍል መጨመርና ማስዋብ ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የገበያውን ዋጋ መወሰን ከባለቤቱ አቅም በላይ ቢሆንም፣ ከሰኔ በፊት መጠገን ግን በእጁ ነው።