የፊት ሞላ በውፍረት አይገዛም

የፒክአፕ ባለንብረት ሶማሌ ተራ ወርዶ ከፍ የሚያደርግ የፊት ሞላ ሲጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ ገዢም ሻጭም አስቀድመው የሚመለከቱት የብረቱን ውፍረት ነው። ይህ ልማድ ግን ገንዘብ ያባክናል። የሞላ ቁመትና የሞላ ጥንካሬ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ የብረቱ ውፍረት በ10 በመቶ ቢጨምር ጥንካሬው በ46 በመቶ ገደማ ያድጋል።

ከፊት ባሌስትራን ትቶ ሞላ የያዘው ላንድክሩዘር 79 ጥሩ ምሳሌ ነው። ከባድ የብረት መከላከያና ዊንች በቋሚነት የተገጠመለት መኪና ጠንካራ ሞላ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ የሌለው ያንኑ ሞላ ቢገዛ ግን ፊቱ ከተፈለገው በላይ ይነሳል፤ በኮረኮንች ላይም ጎማው ይዘላል። የፊት ሞላ በመቀየር የመጫን አቅም የሚጨምር የሚመስለው ባለንብረትም ይሳሳታል። ካሶኒው ላይ የሚወጣው ጭነት አብዛኛው የሚያርፈው በኋላው ባሌስትራ ላይ ነው።

ወጪውም በሞላው ዋጋ አያበቃም። ፊቱ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል የሾክ አብዞርበሩ ርዝመት፣ የፍሬኑ ቱቦና የፊት እግሩ አሰላለፍ አብረው መታየት ይኖርባቸዋል። ይህ ከታለፈ መሪው ይቅበዘበዛል፤ ርካሽ የተባለውም ዕቃ ውድ ይሆናል።

በመሆኑም ነጋዴው ሞላው የሚሸከመውን ኪሎና የሚጨምረውን ከፍታ ደረሰኙ ላይ ሊያሰፍር ይገባል። ገዢም ከመክፈሉ በፊት የመኪናውን ፊት ያስመዝን። የሚዛን ክፍያ ሁለተኛ ሞላ ከመግዛት ይረክሳል።