መብራቱን አጥፋ

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች አብደዋል እንዴ?» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ ባለፈው እሁድ ፊኒክስ ውስጥ ማኪያቶ ይዘን ስንጫወት። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አሪዞና ከመጣ ገና ሁለተኛ ክረምቱ ነው። የአቧራ ማዕበሉ ወቅት እዚህ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ስለሆነ ክረምት ስንል ያምርብናል፤ ዝናቡ ግን ከአቧራው ኋላ ነው የሚመጣው፣ ከመጣ። «አቧራ ውስጥ ከገባህ ዳር ውጣና መብራትህን በሙሉ አጥፋ ይላሉ። ማን አይቶኝ ነው የሚተርፈኝ?»

አልፈረድኩበትም። መንዳት የለመደው በደሴ መስመር ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ ጥሩምባ እየነፋ፣ ከፊቱ ያለችውን ቀይ መብራት እየተከተለ ነው ያደገው።

ጉዱ ያለው እዚያች ቀይ መብራት ላይ ነው። አንተ ዳር ወጥተህ ቆመሃል፤ የኋላ መብራትህ ይበራል። ከኋላህ የሚመጣው ሰው መስመሩ ጠፍቶበታል፤ ድንገት ቀይ ነገር ሲያይ «ተመስገን፣ መንገዱ በዚህ ነው» ብሎ ወዳንተ ይመጣል። የቆምክ መሆንህን የሚያውቀው ከገጨህ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ፍሬቻውም የሚጠፋው፣ እግርም ከፍሬን ላይ የሚነሳው፤ ፍሬን እንደተረገጠ ከቆየ የኋላው መብራት አብሮ ይበራልና። ቀበቶ ግን አይፈታም።

የአሪዞና መንገድ መሥሪያ ቤት ይህን ምክር ከ10 ዓመት በላይ ሲወተውት ኖሯል። ሕዝቡን ሃይኩ በሚባለው አጭር የጃፓን ግጥም እስከ ማወዳደር ደርሷል። ከፊኒክስ ወደ ቱሳን በሚወስደው ኢንተርስቴት 10 ላይ ደግሞ፣ ፒካቾ አጠገብ፣ አቧራውን ከሩቅ የሚያይ ራዳርና መንገድ ዳር የተተከሉ መለኪያዎች አሉ። አየሩ ሲደፈርስ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት ከ75 ማይል እስከ 35 ድረስ በሰሌዳው ላይ በራሱ ይወርዳል። እዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የጥቅምት ቀን አቧራ 19 ተሽከርካሪዎችን አላትሞ 3 ሰዎች ሞተዋል፤ ስለዚህ ለራዳሩ የወጣው ገንዘብ የትም አልፈሰሰም። ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው በ10 ማይል ላይ ነው። የእኔ ወዳጅ በሳምንት የሚነዳው ሺዎችን ነው።

ደግሞ አቧራ በረሃ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2023 ኢሊኖይ ውስጥ፣ ጥቁር አፈር ባለበት የእርሻ አገር፣ ነፋስ አዲስ የታረሰውን ማሳ አንስቶ ኢንተርስቴት 55 ላይ ደፋው። ከ70 በላይ ተሽከርካሪዎች ተጋጩ፤ ቢያንስ 7 ሰዎች አለቁ። እዚያ ያለፈ ሾፌር ጠዋት ሲነሳ ስለ አቧራ ያስባል ብዬ አልገምትም።

እኔን የሚቆጨኝ ስልክ ላይ የሚመጣው የአቧራ ማስጠንቀቂያ መልእክት አጭር መሆኑ ነው። አድርግ ይላል፤ ለምን እንደሆነ ለመንገር ቦታ የለውም። ለምኑ ያልተነገረው ሰው ደግሞ በጭንቅ ሰዓት የሚያደርገው የለመደውን ነው። እንግሊዝኛው ችግር የሆነበት ደግሞ ያንንም አያነበውም። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም፣ ዕድር ላይ፣ እንዲህ ማኪያቶ ላይ ካልተወራ የት ይወራል?

የታክሲ ጥቅስ የማይወድ የአገራችን ሾፌር ስለሌለ፣ ናፕኪን ላይ አንድ ሞከርኩለት፦ «ከአስፋልት ውጣ፣ መብራት አጥፋ፣ ፍሬን ልቀቅ።»

አየት አደረገና ሳቀ። «ጋሼ፣ ፍሬን ከለቀቅኩማ መኪናው ይሄዳል!» ብዕሬን ተቀብሎ የመጨረሻውን ሰረዘና «በእጅ ፍሬን ያዝ፣ እግርህን አንሳ» ብሎ ጻፈበት። ናፕኪኑንም አጥፎ ኪሱ ከተተው።