«ዕድሜ ነው» ምርመራ አይደለም

እናቴ 53 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ብቻ «ሽንቴን ያቃጥለኛል» ብላ ሦስት ጊዜ ክሊኒክ ሄዳ፣ ሦስቴም አንቲባዮቲክ ይዛ ተመልሳለች። በሦስተኛው አብሬያት ነበርኩ። የላብራቶሪው ውጤት ንጹሕ ነው፤ ባክቴሪያ የሚባል የለም። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ «እንግዲህ እናቴ፣ ዕድሜ ነው» አላት። ከዚያ ያንኑ አንቲባዮቲክ ደግሞ ጻፈላት።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ተጠቃሚ ችግር ሲያመለክት ቲኬት ይከፈታል። ሳይፈትሹ «ነገሩ እንዲሁ ነው» ብሎ መዝጋት በእኛ ሥራ ነውር ነው። «ዕድሜ ነው» ማለት በትክክል ያ ነው፦ ቲኬቱ ተዘጋ፣ ችግሩ እዛው አለ።

የዛን ቀን ማታ ቡና እየጠጣን ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። «ተይ እስቲ» አለች። ቆይታ፣ ዓይኗን ከሲኒው ሳታነሳ ነገረችኝ። ስትቀመጥ ይቆረቁራታል። ያሳክካታል። ከአባቴ ጋር መተኛት ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ሕመሙን ስለማትችለው። «ወገቤን እያልኩ ነው የማመካኘው» አለችኝ። ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው። «ስሜን አትጥሪ እንጂ ጻፊው» ብላኛለች።

በስሙ እንጥራው፤ የብልት ድርቀት ነው። ሴት አርጣለች የሚባለው የወር አበባዋ 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ። ያኔ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በጣም ይቀንሳል። የብልትን ግድግዳ ወፈር ያለና እርጥብ አድርጎ የሚያቆየው እሱ ነበር። ሲጎድል ግድግዳው ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ በቀላሉ ይቆስላል። የሽንት መውጫውም ጎረቤት ነውና አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ ኢንፌክሽን ሳይኖር ያቃጥላል፤ እውነተኛው ኢንፌክሽንም ይመላለሳል። በ2014 እ.ኤ.አ. የዘርፉ ባለሙያዎች ሽንትንም የሚያካትት አዲስ ስያሜ የሰጡት ለዚህ ነው። ካረጡ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል። ድንገት የሚመጣው ሙቀትና ላብ ከዓመታት በኋላ ይበርዳል፤ ይሄኛው ግን ካልታከመ የመባስ ጠባይ አለው።

«ታዲያ ዕድሜ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ነው እንጂ! አባቴም ሃምሳ ሊሞላው ሲል ጋዜጣ ማንበብ አቃተው። እሱም ዕድሜ ነው። ግን ማንም «ቻለው» አላለውም፤ መነጽር ተገዛለት። ለአባት ዓይን መነጽር፣ ለእናት ብልት ትዕግሥት። ልዩነቱን የሚያስረዳኝ ካለ ልስማው።

መፍትሔው ደግሞ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው እርከን ሆርሞን የለበትም። ማለስለሻ፣ ማለትም ሉብሪካንት፣ ለግንኙነት ሰዓት ነው። ማርጠቢያ ደግሞ ግንኙነት ኖረም አልኖረም በየጥቂት ቀኑ የሚደረግ ነው። ሽታ ያለውን ሳሙና ከዚያ አካባቢ ማራቅ፣ ውስጥን መታጠብም መተው። ኮንዶም የሚጠቀሙ ከሆነ ዘይት ያለበት ቅባት ላቴክሱን ያበላሻል፤ በውኃ የተሠራው ይሻላል።

ይህ ካልበቃ፣ ብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ኢስትሮጅን አለ፤ በክሬም፣ በኪኒን ወይም በቀለበት መልክ። እዚህ ጋ ሁሉም «ሆርሞን? ካንሰር!» ብሎ ይደነግጣል። ፍርሃቱ መነሻ አለው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን ተቀላቅለው በየቀኑ ሲዋጡ የጡት ካንሰርና የስትሮክ አደጋ ጨምሮ ስለታየ ያለጊዜው ተቋረጠ። ግን ያ የሚዋጥ ነው። ሒሳቡን እንሥራ። ብልት ውስጥ የሚደረገው ኪኒን 10 ማይክሮግራም ነው። ሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ። 14 ሲደመር 100፣ በዓመት 114 ኪኒን። ድምሩ 1.14 ሚሊግራም። ያንኑ ሆርሞን በአፍ የምትወስድ ሴት አንዷ የቀን ኪኒኗ 1 ሚሊግራም ልትሆን ትችላለች። የአንዷ ዓመት የሌላዋ አንድ ቀን ነው ማለት ነው። እንግሊዝ በ2022 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ባለ 10 ማይክሮግራም ኪኒን፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ያረጡ ሴቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ እንዲገዙት ፈቅዳለች።

ጥንቃቄ የለውም አላልኩም። የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት መጀመሪያ ሆርሞን የሌለባቸውን ትሞክር፤ ከዚያ ካንሰሯን የሚከታተለውን ሐኪም ታማክር። ካረጡ በኋላ ደም ከታየ ደግሞ ቀጠሮ ሳይሰጡ መመርመር ነው። «በሌዘር እናድሳለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁም፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቆበታል፤ እለፉት።

የሚቀናኝ ተቃውሞ «እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት አገር ይሄ ቅንጦት ነው» የሚለው ነው። እሺ፣ እንቁጠር። ሦስት የካርድ ክፍያ፣ ሦስት የላብራቶሪ፣ ሦስት ዙር የማያስፈልግ አንቲባዮቲክ፤ ያውም መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በሚበዙበት ዘመን። ቅንጦቱ የቱ ነው? አንዲት ሴት አርጣ ሠላሳ ዓመት ልትኖር ትችላለች። ሠላሳ ዓመት እያቃጠላት ትቀመጥ?

ባህል ነው የሚሉም አሉ። እኛ ግን ስለ ሞዴስ በግልጽ እናወራለን፤ የወር አበባ አያሳፍርም ብለን ፖስት እናደርጋለን። ጥሩ ነው። ብቻ ድፍረታችን የወር አበባው ሲቆም አብሮ ይቆማል፤ የደፈርነው ለራሳችን ዕድሜ ብቻ ነበር።

ማለስለሻውን ልገዛ ፋርማሲ ገባሁ። ከኮንዶሙ ጎን ተደርድሯል። ሻጩ ፈገግ ብሎ «ለማን ነው?» አለኝ። «ለእናቴ» አልኩት። ፈገግታው ጠፋ፤ ዕቃውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ሰው እንዳያየው። የሚደበቅ ነገር የገዛሁ አልመሰለኝም ነበር።

በኋላ አንዲት የማህፀን ሐኪም አየቻት፤ መርምራ ክሬም አዘዘችላት። በሁለተኛው ወር ማቃጠሉ ቀነሰ፤ እማዬ አሁን ቡናዋን ተደላድላ ቁጭ ብላ ነው የምታፈላው። ስለ ወገቧ አልጠየቅኳትም፣ አያገባኝም።

እናንተ ግን ጠይቁ። እናታችሁ፣ አክስታችሁ «ሽንቴን» ብላ በተደጋጋሚ ክሊኒክ ከተመላለሰች፣ አብራችሁ ግቡ። ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» ካለ «እሱን እናውቃለን፤ ሕክምናው ምንድን ነው?» በሉት። መልስ ሳታገኙ ከወንበሩ አትነሱ።