ኮዱን ቆለፍነው፣ ውሉን ረሳነው

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ከሳሽም ተከሳሽም ተራ ይጠብቃል፤ ጸሐፊዋ «ንብረቴ ይመለስልኝ» የሚል አቤቱታ ትተይባለች። የምትተይብበት ዊንዶውስና የአማርኛ ሶፍትዌር ተገዝቶ ነው ወይስ በፍላሽ የመጣ? ማንም አይጠይቅም። እኛም ጠይቀን አናውቅም ነበር፤ እዚያው ሰፈር ቡና ስንጠጣ የጓደኛችንን ጉድ እስክንሰማ ድረስ።

ጓደኛችን ፕሮግራመር ነው። ለአንድ መድኃኒት ቤት የዕቃ ክምችትና ሽያጭ መመዝገቢያ ሠርቶ ጫነ። ከወራት በኋላ ያው ሶፍትዌር ስሙና አርማው ብቻ ተቀይሮ ሌላ መድኃኒት ቤት ሲሠራ አገኘው። «ደረሰኙ ላይ የሠራኋት የፊደል ስህተት እንኳን አልተነካችም!» አለን። ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«ኮድህን ለምን በራስህ ሰርቨር ላይ አላስቀመጥከውም?» የሚል ይኖራል። ለሌላው ዓለም ጥሩ ምክር ነው። እኛ ግን ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ አይተናል። መድኃኒት ቤት «ኔትወርክ የለም» ብሎ በሽተኛ አይመልስም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ደንበኛው ቤት ያድራል።

እዚያ ካደረ ደግሞ ፍጹም ቁልፍ የለም። በፒኤችፒ የተጻፈ ኮድ እንዳለ ይነበባል። የጃቫና የዶት ኔት ፕሮግራሞች ወደ ዋናው በጣም ወደሚቀርብ ኮድ ይመለሳሉ። ስሞቹን ማመሰቃቀልም ሆነ ላይሰንሱን ከአንድ ማሽን ጋር ማሰር ሌባውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። አንዳንዱ «ካልከፈሉኝ በቀኑ ራሱን የሚዘጋ ኮድ እቀብርበታለሁ» ይላል። ይህን አንደግፍም። የሚጎዳው መድኃኒት ፈላጊው ነው፤ ያለ ፈቃድ የኮምፒውተር ሥርዓትን ማደናቀፍም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል።

«ውላችሁ ምን ይላል?» ብለን ጠየቅነው።

«የምን ውል? በስልክ ነው የተስማማነው።»

ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቃል። ገዢው ለመጠባበቂያ ወይም ለገዛበት ዓላማ ሲያስፈልግ መቅዳት ይችላል፤ ለሌላ ሱቅ ማባዛት ግን አይችልም። ደስ አለን አይደል? ቆዩ። ያው አዋጅ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ላይ፣ ተቃራኒ ውል ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱን ለአሠሪው ይሰጣል። ማለትም ጓደኛችን መንገዱን ተሻግሮ ቢከስ «ኮዱ የእኔ ነው» የሚለው ደንበኛው ሊሆን ይችላል!

ለደንበኛውም እንፍረድ። ኮዱን አምጣ የሚለው ሁልጊዜ ሊሰርቅ አይደለም። ፕሮግራመሩ ነገ ባንክ ይቀጠራል ወይም ቪዛ ይመታለታል፤ ስልኩ ይዘጋል። የመድኃኒት ቤቱ ሒሳብ ማን ሊጠግነው ነው?

ስለዚህ እኛ የምንለው፦ ከቁልፉ በፊት ሁለት ገጽ ውል ይጻፍ። ኮዱ የማን ነው? በስንት ማሽን ላይ ይጫናል? ለሌላ ይተላለፋል? ሶርስ ኮዱም ሁለቱ ወገኖች በሚያምኑት ሦስተኛ ሰው ዘንድ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ፕሮግራመሩ ሥራውን ከተወ ለደንበኛው ይሰጥ። በሌላው ዓለም የተለመደ አሠራር ነው፤ የኛ አገር ዕቁብተኛም ገንዘቡን ለሚያምነው ዳኛ ማስረከብ ያውቅበታል።

አንድ የሚያሳፍር ጥያቄ ቀረን። «አንተስ ኮዱን የጻፍክበት ዊንዶውስ ከየት መጣ?» ጓደኛችን ቡናውን ማማሰል ጀመረ። አልፈረድንበትም፤ የእኛም ላፕቶፕ ከዚያው ፍላሽ ነው የጠጣው። ግን የሰው ላብ በነጻ ስንጭን ያደግን ልጆች የራሳችን ላብ ሲጫን ማን ይደንግጥልን?

በነጋታው የሚቀጥለውን ደንበኛ ውል ለማስተየብ ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ጸሐፊዋን የምትተይብበት ሶፍትዌር ተገዝቶ እንደሆነ ጠየቅናት።

ቀና ብላ አየችንና «ስንት ኮፒ ላውጣላችሁ?» አለችን።