ከቤት ጎን ያለው ቦታ ትርፍ መሬት አይደለም

መኪና የገዛ ሰው ወዲያው የሚያስጨንቀው ማሳደሪያው ነው። ዓይኑ የሚያርፈውም በቤቱና በአጥሩ መካከል ባለችው ቦታ ላይ ነው። ጥቂት ቋሚ ይተክላል፣ የጎረቤቱን አጥር እንደ ግድግዳ ይጠቀማል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል። ሥራው ቅዳሜ ከሰዓት ተጀምሮ እሑድ ማታ ያልቃል፤ ሰኞ የወረዳው ቢሮ ሲከፈት መኪናው ከጣራው ሥር ቆሟል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ፕላን በመሥራትና ግንባታ በመከታተል የምተዳደር ሰው ነኝ። የማምነውን በግልጽ ልናገር። ያቺ ቦታ ሥራ የላትም ተብሎ ያለ ፈቃድ ሊገነባባት አይገባም። ፈቃድ ሰጪውም አካል ለአንዲት መኪና መጠለያ ሰውን የሚያመላልስበትን አሠራር መቀየር አለበት። ሁለቱን ነጥሎ ማየት አይቻልም፤ ሰው በሕጋዊው በር መግባት ሲያቅተው ነው ቅዳሜና እሑድን የሚጠብቀው።

ብዙ ባለቤቶች «መሬቱ በካርታዬ ውስጥ ነው፤ ማን ይከለክለኛል?» ይሉኛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አዲስ ቤት ለመሥራት ብቻ ሳይሆን ነባሩን ለማስፋትም፣ አገልግሎቱን ለመቀየርም ፈቃድ እንዲያስፈልግ ደንግጓል። ቁጥጥሩንም ለሕንፃ ሹም ሰጥቷል። ከሁለት ፎቅ በታች ያለ የግል መኖሪያ ቤትን አዋጁ በምድብ «ሀ»፣ ማለትም ከቀላሎቹ ተርታ አስቀምጦታል። ቀላል ተባለ እንጂ ከፈቃድ ነፃ ነው አልተባለም።

ይህ ቁጥጥር ለምን እንዳስፈለገ ክረምት ሲገባ ይታያል። 3 በ6 ሜትር የሆነ ጣራ 18 ካሬ ሜትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 540 ሊትር ውሃ ይሰበስባል፤ 27 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ጣራው ወደ አጥሩ ካዘነበለና አሸንዳ ከሌለው ያ ሁሉ ውሃ የሚወርደው በጎረቤት ግድግዳ ሥር ነው። በጭቃና በእንጨት የተሠራ ግድግዳ ይህን ስንት ክረምት ይችላል? ጎረቤት በቃል ቢፈቅድ እንኳ ፈቃዱ ዘላቂ አይደለም። የጎረቤት እማማ «ሥራ ልጄ፣ ምን ገዶኝ» ብለው የፈቀዱት፣ እሳቸው ካለፉና ወራሾች ቤቱን ከሸጡ በኋላ ክስ ይሆናል። ስለዚህ የጎረቤት ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፤ ከፈቃድ ማመልከቻው ጋርም ይያያዝ።

ከመሬት በታች ያለው ደግሞ ይብሳል። በአብዛኛው ግቢያችን የሴፕቲክ ታንክ የተቆፈረው በዚያችው በቤቱ ጎን ነው። አንድ ደንበኛ ኮንክሪቱን አስሞልቶ፣ ሴራሚክ አስነጥፎ ከጨረሰ በኋላ ወለሉ ሲሰነጠቅ ጠራኝ። ሴራሚኩን ስናነሳ የታንኩን ክዳን በስንጥቁ ትክክል አገኘነው። ክዳኑ የተሠራው የሰው እግር እንዲረግጠው ነው፤ ብዙዎቹ መኪኖች ግን ከአንድ ቶን ይበልጣሉ። በዚያ ላይ ታንኩ ሲሞላ ቦቴው ቱቦውን የሚያስገባበት ቀዳዳ አልተተወም። ለመጠለያው ገንዘብ ያወጣው ሰው ለማፍረሻ በድጋሚ አወጣ። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ልጆቹ በዚያ ወለል ላይ ሲጫወቱ መክረማቸው ነው።

የመኝታ ቤት መስኮትም ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ወደዚያው ነው። መጠለያው ዙሪያውን ሲዘጋ ጠዋት ሞተር ለማሞቅ የተነሳ ጭስ መውጫው መስኮቱ ይሆናል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዲስ ጉዳይ መጥቷል። ሰው መጠለያውን የሚሠራው መኪናውን ቻርጅ ለማድረግም ነው። 7 ኪሎ ዋት የሚስብ የቤት ቻርጀር ሁለት የእንጀራ ምጣድ ለሰዓታት አብሮ እንደመጣድ ይቆጠራል። መስመሩ ከሳሎን ሶኬት በቀጭን ሽቦ ተቀጥሎ፣ ኧርዝ ሳይኖረው፣ ዝናብ በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ሲዘረጋ አይቻለሁ። ይህን አስቀድሞ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሆኖም ባለቤቱን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ደንበኞቼን ወክዬ በቢሮዎች ስመላለስ የሚሰጠኝን መልስ ሁሉም ያውቀዋል፦ «ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ሳምንት ተመለስ»። ለአራት ምሶሶና ለአንድ ጣራ ፎቅ የሚሠራ ሰው የሚጠየቀውን ያህል ወረቀት የተጠየቀ ባለቤት አውቃለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ደንብ አስከባሪ መጥቶ ሲያፈርስበት ሕግ ተከበረ አይልም፤ ተበደልኩ ነው የሚለው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከተማው ለአንድ መኪና መጠለያ የሚሆን ዝግጁ ንድፍ አሠርቶ በየወረዳው በነፃ ይስጥ። ምሶሶው ከአጥሩ ተለይቶ የቆመ፣ ጣራው ወደ ባለቤቱ ግቢ ያዘነበለ፣ አሸንዳው ውሃውን ወደ መፋሰሻ የሚመራ፣ ጎኑ ለአየር ክፍት የሆነ ንድፍ ይሁን። በዚህ ንድፍ ለሚሠራ ሰው ማመልከቻው አንድ ገጽ ይብቃው። ባለሙያው አንድ ጊዜ ግቢው ድረስ መጥቶ የዝናቡን መውረጃ፣ የታንኩን ቦታ፣ መስኮቱንና የኤሌክትሪኩን መስመር ይይ። መልሱም ቀን ይቆረጥለት፤ ከተከለከለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው። መጠለያውን ወደ ሱቅ ወይም ወደ ኪራይ ክፍል መቀየር የፈለገ ግን አገልግሎት እየቀየረ ነውና ሌላ ፈቃድ ይጠየቅ።

ይህ ሲሟላ «ፈቃድ ማውጣት አልቻልኩም» የሚል ሰበብ ያበቃል፤ ያኔ ቢሮው በሙሉ ልቡ መቆጣጠር ይችላል። እስከዚያው ግን ባለቤት የሆነ ሁሉ ሲሚንቶ ከመግዛቱ በፊት የቤቱን የቀድሞ ፕላን ያውጣ፣ ታንኩ የት እንዳለ ይወቅ፣ ጎረቤቱንም ያስፈርም። አንድ ሳምንት መታገሥ ወለል ከማፍረስ፣ ከጎረቤት ጋርም ፍርድ ቤት ከመቆም ይሻላል።