የብሎኬቱን ጉድለት ማን ይክፈል?

በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፤ ጤፍ የሚገዛም ዘግኖ ይመረምራል። ብሎኬት የሚገዛ ግን ምን ያያል? ጥሩውም መጥፎውም መልኩ አንድ ነው። ጉድለቱ የሚገለጸው ግድግዳው ከቆመ፣ ዕቁቡ ካለቀና ቤተሰቡ ከገባበት በኋላ ነው።

ይህን ያነሣነው ስለ ጎረቤታችን ስለ ጅቡቲ ከተማ ነው። የከተማይቱ አሮጌ ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ተሠርተው ኖራ የተቀቡ ናቸው። ፈረንሳዮች በ1966 እ.ኤ.አ. ከተማይቱን በሽቦ አጥር ከከበቡ በኋላ ከአጥሩ ማዶ እየሰፋ የሄደው ባልባላ ግን በአመዛኙ የቆርቆሮና የጣውላ ሠፈር ሆኖ ኖሯል። በዚያ የሚኖር የወደብ ሠራተኛ፣ ወታደር ወይም ቸርቻሪ ጥቂት ገንዘብ ሲቋጥር የመጀመሪያ ሐሳቡ ቆርቆሮውን በብሎኬት መተካት ነው፤ ዘንድሮ አንድ ክፍል፣ ከርሞ ሌላ። በወደቡና በንግዱ ምክንያት በከተማይቱ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችንም ጉዳዩ ይነካቸዋል።

ይሁን እንጂ የጅቡቲ አየር ለሲሚንቶ ሥራ አይራራም። የባሕር አሸዋ ካልታጠበ ጨው ይዞ ይገባል፤ የጉድጓዱም ውኃ ጨዋማ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ከምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ፣ ገና ከቅርጹ የወጣ ብሎኬት ሲሚንቶው ውኃ ሳይጠግብ ይደርቃል። ለቀናት በጥላ ሥር ውኃ እየጠጣ መሰንበት ሲገባው በማግሥቱ ለገበያ ከወጣ ጥንካሬ አይኖረውም። በምሰሶው ውስጥ ያለውን ብረት ደግሞ ጨው ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ያብጣል፣ ሲያብጥም ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ዝናብ እምብዛም በማይጥልበት አገር ይህ ሁሉ ለዓመታት ተሰውሮ ሊኖር ይችላል። በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. እንደ ሆነው ያለ ጎርፍ ሲመጣ ግን የሚሰወር ነገር የለም።

ነገሩ የድሀ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን፣ አየርላንድን እንመልከት። በዶኔጋልና በማዮ አውራጃዎች በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ሚካና ፓይራይት የተባሉ ማዕድናት በበዙበት ብሎኬት ተሠርተው ግድግዳቸው በእጅ ሲነካ የሚፈረፈር ሆነ። መንግሥት በ2020 እ.ኤ.አ. ከጥገናው ወጪ 90 በመቶውን እሸፍናለሁ አለ። ባለቤቶቹ ግን ያላጠፋነውን ለምን እንከፍላለን ብለው በ2021 በደብሊን አደባባይ ወጡ። በ2022 በወጣው ሕግ የእርዳታው ጣራ 420,000 ዩሮ ሆነ፤ በ2024 ወደ 462,000 ከፍ አለ። ጅቡቲ ይህን ያህል ገንዘብ የላትም፤ እኛም የላትም ብለን አንወቅሳትም። የምናደንቀው ገዢው ጥፋተኛ አለመሆኑ በሕግ መታመኑን ነው። ያም ቢሆን እጅግ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ስንቱ ሰው ለሚፈርስ ቤት የባንክ ዕዳ ሲከፍል ኖሯል!

በጅቡቲ አሩሎስ የተባለው የከተማ ማደሻና የማኅበራዊ ቤቶች ድርጅት አለ፤ የጎስቋላ ሠፈሮችን ኑሮ ለማሻሻልም ዕቅድ ተነድፎ ሥራ ተጀምሯል። መንገድና ውኃ ማስገባቱ መልካም ነው። ነገር ግን በአዲሱ መንገድ ዳር የሚቆመው ግድግዳ ከምን እንደሚሠራ የሚቆጣጠር ከሌለ ድካሙ ግማሽ ይሆናል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ከሐዳጋላ የሚሄድ የጉድጓድ ውኃ ለከተማይቱ ይደርሳል፤ ከዚህ ጥቂቱ ለብሎኬት ማምረቻዎች ቢመደብና በየማምረቻው ብሎኬት ተጨፍልቆ ጥንካሬው ቢፈተን የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ሠፈር ጥገና ያነሰ ነው።

ያለ ፈቃድ የሠራ ሰው እርዳታ አይገባውም የሚሉ አሉ። የፈቃዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ብሎኬቱ የተሸጠው በጠራራ ፀሐይ፣ በዐደባባይ፣ ማንም ሳይከለክል ነው። ስለዚህ ግድግዳው ለተሰነጠቀበት ባለቤት ቢያንስ መሐንዲስ በነጻ ይላክለት፤ ቤቱ የሚጠገን ከሆነ በረጅም ጊዜ የሚከፈል ብድር፣ የማይጠገን ከሆነ የተፈተነ ብሎኬትና ሲሚንቶ በመንግሥት ዋጋ ይሰጠው። ገንዘቡም ከእያንዳንዱ የሲሚንቶ ከረጢት ሽያጭ ላይ ጥቂት ፍራንክ በመመደብ ሊሰበሰብ ይችላል። መሐንዲሱ ግን ገንዘቡ እስኪጠራቀም አይጠበቅ፤ ከሚቀጥለው ጎርፍ በፊት ይድረስ።